የሚና ጨዋታ ባለታሪኮችን በኋላ ታሪካቸው ስለ ማስተሳሰር
(ከማስተማር ዘዴ ዓምድ)



እኛ አራት ዕጩ መምህራን፣ ሁለት ሴቶችና ሁለት ወንዶች፣ ለማስተማር ልምምድ ወደ እብናት ወርደን ለሰባተኛ ክፍል ተማሪዎች አማርኛ ስናስተምር ሰንብተን ተመልሰናል። በዚያ ቆይታችን ከሠራናቸው ትምህርቶች አንዱ ሁለት ጊዜ ተበላሽቶ በሦስተኛው የሠመረ ስለሆነ፣ ተራችሁ ደርሶ ለምትወጡት ጓደኞቻችን ይጠቅም ይሆናል በማለት ይህንን ጽሑፍ አዘጋጅተናል። ያልተሳካውንም ሳንደብቅ ጽፈነዋል።

መግቢያ

ትምህርቱ የመናገር ክሂልን ለማዳበር የታሰበ የሚና ጨዋታ ነበር። ርዕሱን «የጠፋችው በቅሎ» አልነው። ነገሩ እንዲህ ነው። በገበያ ዋዜማ ማታ የአንድ ነጋዴ በቅሎ ከታሰረችበት ግቢ ትጠፋለች፤ ጧት ሰዎች ተሰብስበው ይነጋገራሉ። ስድስት ሚና አዘጋጀን፤ ነጋዴ፣ ጠላ ሻጭ፣ ከገጠር መጥቶ ቤት ተከራይቶ የሚማር ልጅ፣ አራሽ፣ ቄስ እና የግቢው ዘበኛ። ለተማሪዎቹም «የያዛችሁት ሰው ማን እንደሆነ፣ ከየት እንደመጣ፣ ምን እንዳሳለፈ በቤት ሥራ ጽፋችሁ ኑ» ብለን አዘዝን።

በማግሥቱ ጽሑፎቹን ስንሰበስብ ደስ አለን። ልጆቹ ተጠበውበታል። አንዱ ከሩቅ አገር ተሰድዶ የመጣ ነው፤ ሌላዋ እናትና አባቷ በልጅነቷ ሞተውባታል፤ ሦስተኛው ማንንም የማያምን፣ ዘመድ የማያውቅ ብቸኛ ነው። ስድስቱን ጎን ለጎን ብናስቀምጣቸው ግን አንዱ ሌላውን የሚያውቅ አልተገኘም።

ጨዋታው ተጀመረ። ነጋዴው ተነሥቶ «በቅሎዬ ጠፋች!» አለ። ዘበኛው «አይዞህ» አለው። ቄሱ «እግዚአብሔር ያግኝልህ» አሉት። ጠላ ሻጯም «ሆዴን አባባው» አለች። ከዚያ ዝም ጭጭ ሆነ። ተጫዋቾቹ እኛን ያያሉ፤ እኛ ደግሞ እርስ በርሳችን እንተያያለን። ከአርባው ደቂቃ ከግማሽ በላይ ተርፎ፣ አንዳችን ተነሥተን ስለ ሥርዓተ ነጥብ በማስተማር ሞላነው።

ልጆቹ አልሰነፉም። የጎደለው እኛ ከሰጠነው ሥራ ነበር። ለእያንዳንዱ ሰው ያለፈ ሕይወት ሰጥተነዋል፤ ነገር ግን ለሰው በቅሎ እንቅልፍ የሚያጣበት ምክንያት አልሰጠነውም።

ሀ. ይኸው ችግር በሌላም አገር

በአሜሪካን አገር በ1974 እ.ኤ.አ. ጌሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ ሰዎች «ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» የተሰኘ ጨዋታ አሳትመው ነበር። ጥቂት ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ይቀመጣሉ፤ አንዱ መሪ ሆኖ የሆነውን ይተርካል፤ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ባለታሪክ ይዘው «እኔ እንዲህ አደርጋለሁ» ይላሉ፤ አጠራጣሪው ነገር ዳይ ተጥሎ ይወሰናል። አንድ ታሪክ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ሊቀጥል ይችላል።

በዚህ ጨዋታም ተጫዋቾች የየራሳቸውን ባለታሪክ ያለፈ ሕይወት ለብቻቸው ጽፈው ሲመጡ የኛን የመሰለ ችግር ይገጥማቸዋል። አራት ብቸኞች አንድ ጠረጴዛ ከበው ይቀመጡና አብረው የሚጓዙበት ምክንያት ያጣሉ። መፍትሔው የታወቀ ነው። ታሪኩ ከመጀመሩ በፊት ሁሉም ተሰብስበው አንዱ የሌላውን ምን እንደሆነ ይስማማሉ። መሪውም ታሪኩን ከዚያ ከተስማሙበት ነገር ያበቅለዋል።

እንግዲህ ይህ ለኛ አዲስ ነገር ነው? አይደለም። እኛ አገር ሁለት መንገደኞች ከአንድ ዛፍ ጥላ ሥር ሲገናኙ መጀመሪያ የሚጠያየቁት «የማን ልጅ ነህ? አገርህ ወዴት ነው?» ተብሎ ነው። ውኃ ሳይቀዳ በአያት ወይም በአማች ይገናኛሉ። በቤታችን በየቀኑ የምናደርገውን በክፍል ውስጥ ረሳነው ማለት ነው።

ለ. ከታሪካችንና ከሥነ ጽሑፋችን

የተሳሰረ የኋላ ታሪክ ምን ያህል ኃይል እንዳለው ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ደብረ ታቦር ይበቃናል። ራስ ዓሊ የእቴጌ መነን ልጅ ናቸው። ተዋበች ደግሞ የራስ ዓሊ ልጅ ናት። የቋራው ካሣ ኃይሉ ተዋበችን ስላገቡ ራስ ዓሊ አማታቸው ሆኑ። በ1845 ዓ.ም. በአይሻል ጦርነት ካሣ ያሸነፉት እኒህኑ አማታቸውን ነው። በ1847 ዓ.ም. ደረስጌ ላይ ደጃዝማች ውቤን ድል አድርገው ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ፤ ተዋበች ከሞተች በኋላም ያገቡት የውቤን ልጅ ጥሩወርቅን ነው። ልዑል ዓለማየሁ ከዚህ ጋብቻ ተወለደ። ወደ ጋፋት ብንወርድም እንዲሁ ነው። በዚያ ለንጉሡ ይሠሩ ከነበሩት አውሮፓውያን አንዱ የሆነው ቫልድማየር የንጉሡን የቅርብ ወዳጅ የጆን ቤልን ልጅ ያገባ ሰው ነበር።

አሁን ይህንን ታሪክ በክፍል ውስጥ ብናጫውተው ብዙ የሚናገረው ማን ይመስላችኋል? ጋሻና ጦር የያዙት አይመስለንም። የተዋበችን ሚና የያዘችው ተማሪ ናት። በአንድ በኩል አባቷ፣ በሌላ በኩል ባሏ ቆመዋል፤ አያቷ እቴጌ መነንም አሉ። ይህች ልጅ አንድም የጦር ስም ሳታውቅ ክፍለ ጊዜውን ልትሞላው ትችላለች፤ ወዲያና ወዲህ የሚጎትት ክር በእጇ አለና። ራስ ዓሊና ካሣ የማይተዋወቁ ቢሆኑ ኖሮ ግን አይሻል ከብዙ ጦርነቶች አንዱ ብቻ በሆነ ነበር።

ከልብ ወለድ በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» እንውሰድ። በዛብህ ሰብለ ወንጌልን ከማየቱ ከብዙ ዓመት በፊት፣ ገና በሕፃንነቱ፣ ለቤተ ክርስቲያን የተሳለ ልጅ ነው። በኋላ ፍቅር ሲመጣ የቆየው ስለት እፊቱ ይቆምበታል። ፊታውራሪ መሸሻም አባቷ ብቻ ሳይሆኑ፣ ዘሩን የሚቆጥሩ ባላባት ናቸው። ጉዱ ካሣ ደግሞ ያን ሥርዓት የሚተቸው ከውጭ ሆኖ አይደለም፤ የዚያው ቤት ዘመድ ሆኖ ነው። የሩቅ ሰው ቢሆን ኖሮ ነገሩ እንዲያ ባልከበደ።

ከነዚህ ምሳሌዎች አንድ ነገር እንማራለን። ማሰሪያው ዝምድና ብቻ ከሆነ አይበቃም። በመካከል ያልተቋጨ ነገር ሊኖር ይገባል፤ ያልተፈጸመ ስለት፣ ያልተከፈለ ዕዳ፣ ያልተነገረ ጉዳይ። «ወንድሜ ነው» ማለት ማሰሪያ ነው፤ «ወንድሜ ነው፣ በሬዬንም ወስዶ አልመለሰም» ሲባል ግን ጨዋታ ይሆናል።

ሐ. ከኑሯችን የሚገኙ ማሰሪያዎች

ተማሪዎች ማሰሪያ ፈልጉ ሲባሉ ቶሎ የሚመጣላቸው ወይ ወንድም ወይ ጓደኛ ነው። ስለዚህ መምህሩ አስቀድሞ ቢያስታውሳቸው መልካም ነው። እኛ የተጠቀምንባቸው የሚከተሉት ናቸው።

1ኛ/ አበልጅ። የክርስትና አባትና የልጁ ወላጅ እርስ በርሳቸው አበልጅ ናቸው። ሥጋ ሳይሆን ቃል ያዛመዳቸው ስለሆኑ መካካድ ያሳፍራል።

2ኛ/ ዋስ። አንዱ ለሌላው ሥራ ወይም ብድር ተጠያቂ ሆኖ ፈርሟል። ያኛው ቢያጠፋ ይህኛው ይከፍላል።

3ኛ/ አደራ። በሰው እጅ የተቀመጠ ገንዘብ ወይም ዕቃ ነው። አደራ ተቀባዩ ቢነካው ማንም ላያይ ይችላል፤ እሱ ግን ያውቃል።

4ኛ/ ወንፈል። «ዛሬ ላንተ፣ ነገ ለኔ» ተባብለው አንዱ ተረድቶ፣ የሌላው ተራ ሲደርስ የቀረ።

5ኛ/ የሽምግልና ቃል። በሽማግሌ ፊት «ዳግመኛ አላደርግም» ተብሎ የተገባ ቃል ነው። ሽማግሌውም ለቃሉ ምስክር ነው።

እነዚህ ሁሉ ከመጽሐፍ የመጡ አይደሉም። የእብናት ልጅ ገበያ ሲወጣ የሚያያቸው ናቸው። በመሆኑም ልጁ ሲናገራቸው ቃል አያጥረውም፤ የመናገር ክሂል ትምህርቱም የሚፈልገው ይህንኑ ነው።

መ. አሠራሩ፦ የክብ ማሰሪያ

ስድስቱን ሰዎች ሁሉንም ከሁሉም ጋር እናስተሳስር ብንል አሥራ አምስት ማሰሪያ ይሆናል። ይህን ማን ያስታውሰዋል? ስለዚህ ልጆቹን በክብ አስቀምጠን እያንዳንዱን በቀኙና በግራው ካለው ጋር ብቻ አሰርነው። ስድስት ሰው፣ ስድስት ማሰሪያ ማለት ነው። እያንዳንዱ ተማሪ የሚይዘው ሁለት ብቻ ይሆናል። በመጨረሻው፣ በሠመረልን ጊዜ፣ አንደኛው ቡድን የተስማማባቸው እነዚህ ነበሩ።

ነጋዴውና ጠላ ሻጯ፦ ነጋዴው ገንዘብ አደራ አስቀምጦባታል። እሷ ልጇ ስትታመም ከፊሉን አውጥታለታለች፤ ገና አልነገረችውም።

ጠላ ሻጯና ተማሪው፦ ልጁ የሚኖረው ከሷ ጓዳ ተከራይቶ ነው። ስንቁ ካለቀ ሰንብቷል፤ የሁለት ወር ኪራይም አለበት። እሷ ሳትጠይቀው ታበላዋለች።

ተማሪውና አራሹ፦ አራሹ አጎቱ ነው። ከእረኝነት አውጥቶ ያስተማረው እሱ ነው፤ «ከወደቅህ ትመለሳለህ» ተባብለዋል።

አራሹና ቄሱ፦ አበልጆች ናቸው። አራሹ የቄሱን በሬ ተውሶ በሬው ገደል ገብቶበታል፤ «እከፍላለሁ» ካለ ዓመት አልፎታል።

ቄሱና ዘበኛው፦ ዘበኛው ከወንድሙ ጋር ሲታረቅ ሽማግሌው ቄሱ ነበሩ። «ዳግመኛ መጠጥ አልቀምስም» ብሎ ቃል የገባው በእሳቸው ፊት ነው።

ዘበኛውና ነጋዴው፦ ዘበኛው ሲቀጠር ዋስ የሆነው ይኸው ነጋዴ ነው።

ከዚህ በኋላ በቅሎዋ ትጥፋ! በዚያች ሌሊት ዘበኛው ከጠላ ሻጯ ቤት ነበር፤ ተማሪው በጓዳው ቀዳዳ አይቶታል። ልጁ ይናገር? ቢናገር ያበላችው ሴት ትጠየቃለች። ዝም ቢል በቅሎዋ ቀረች። ነጋዴው ዘበኛውን ቢከስስ፣ ዋሱ ራሱ ነውና ከራሱ ኪስ ሊከፍል ነው። ቄሱ የተገባላቸው ቃል መፍረሱን ሲሰሙ ምን ይሉ ይሆን? አራሹስ ባለበት ዕዳ ላይ «በቅሎዋን ሸጦ ይሆናል» ቢባል በምን ይመልሳል? አንዲቷን ክር ሲስቧት ስድስቱም ይነቃነቃሉ። ያ ቡድን ቆሙ ባንለው ኖሮ እስከ ምሳ ሰዓት ይቀጥል ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ማስገንዘቢያ አለን። ጠላ ሻጯ አደራውን መንካቷን የነጋዴውን ሚና የያዘው ተማሪ ያውቃል፤ ነጋዴው ግን አያውቅም። ይህን ለይቶ መጫወት መጀመሪያ ይከብዳል፤ ልጆቹ ግን ከጠበቅነው በላይ ቶሎ ገባቸው። እንዲያውም አንዲት ልጅ «ጋሼ፣ እኔ አውቃለሁ እንጂ እሱማ ምኑን ያውቃል!» ብላ አስቃናለች።

ሠ. ጥንቃቄ፦ ያጠፋነው ጥፋት

ከላይ የጻፍነው የሦስተኛው ሙከራ ውጤት ነው። በመጀመሪያውና በሦስተኛው መካከል ስለሆነው መናገር ግዴታችን ነው።

በሁለተኛው ጊዜ ማሰሪያዎቹን ልጆቹ ሳይሆኑ እኛው ነበርን ማታ ቁጭ ብለን የጻፍናቸው። ክሩ ይጥበቅ ብለን ቂም ጨመርንበት። በአንደኛው ወረቀት ላይ «ዘበኛው የአራሹን ወንድም የገደለው ሰው ልጅ ነው» ብለን ጻፍን። ማን የትኛው እንደሚደርሰው ሳናይ ወረቀቶቹን አደልን።

የአራሹ ወረቀት የደረሰው ልጅ አነበበው። አራት አጠፈው። ከጠረጴዛችን ላይ አስቀመጠና ደብተሩን ይዞ ወጣ። እኛ ያመመው መስሎን ትምህርቱን ቀጠልን።

በእረፍት ሰዓት የክፍሉ ኃላፊ መምህርት ጠሩን። «ልጆቼ፣ የዚህ ልጅ አጎት በደም ነው የሞተው። እርቁ ገና አልወረደም። ከዚያኛው ወገን የሆነ ልጅም እዚሁ ክፍል አለ፤ ሁለቱ እስከ ዛሬ በዝምታ ተቻችለው ነው የሚማሩት» አሉን። መሬት ተከፍታ ብትውጠን በወደድን። ለጨዋታ ብለን የጻፍነው አንድ መስመር በሰው ቤት ያለውን እሳት ሊቆሰቁስ ነበር። ያ ወረቀት በዚያ ቀን ለዚያኛው ልጅ ደርሶ ቢሆንስ? ሁለቱ ፊት ለፊት ቢቆሙስ? ይህን ዛሬም ስናስበው ይጨንቀናል።

ከሰዓት በኋላ ልጁን በር ላይ ጠብቀን «ጥፋቱ የኛ ነው፤ ይቅር በለን» አልነው። መሬት መሬት እያየ ዝም አለ። በሁለተኛው ቀን ወደ ክፍል ተመለሰ። ለሦስተኛው ሙከራ ክብ ሠርተን ስንቀመጥ «ነጋዴውን እኔ ልያዝ፤ ዋስ የሆነውን» አለ። በጨዋታው ላይ ዘበኛው ጥፋቱን ሲያምን ክፍሉ በሙሉ «ክሰሰው! ክሰሰው!» ይል ነበር። እሱ ግን «ዋስ የሆንኩት እንዲህ ላለው ቀን ነው» ብሎ ተቀመጠ። ያን ሲል ምን እያሰበ እንደነበር አናውቅም፤ አልጠየቅነውምም።

ከዚህ የተማርነው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ መምህሩ የክፍሉን ልጆች ቤት በቅጡ ሳያውቅ፣ ይልቁንም እንደኛ ለጥቂት ሳምንት የመጣ እንግዳ ሆኖ፣ ማሰሪያውን ብቻውን መጻፍ የለበትም። ማሰሪያውን ልጆቹ ራሳቸው ይስማሙበት፤ የማይነካውን እነሱ ያውቁታልና። ሁለተኛ፣ ደም፣ የመሬት ወሰንና የቤተሰብ ጠብ ከጨዋታው ይውጡ። እብናት በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ ትልቅ የተረጂዎች መጠለያ የነበረባት ቦታ ናት፤ አያቶቻቸው በዚያ መጠለያ ያለፉ ልጆች ከፊታችን ሊቀመጡ ይችላሉ። ስለዚህ ረሀብና ስደትም እንዲሁ በዋዛ የሚታደሉ ሚናዎች አይደሉም። ሦስተኛ፣ ማንኛውም ተማሪ ምክንያት ሳይጠየቅ ወረቀቱን የመለወጥ መብት እንዳለው ከመጀመሪያው ይነገር።

ብድር፣ አደራ፣ ዋስና የተገባ ቃል ያለ ደምም በቂ ክብደት አላቸው። ይህን በዓይናችን አይተናል።

ረ. ለአንድ ክፍለ ጊዜ (40 ደቂቃ) የሥራ ቅደም ተከተል

1. ታሪኩን በአጭሩ መንገር፣ ተማሪዎችን ስድስት ስድስት አድርጎ በክብ ማስቀመጥ፣ የሚናውን ስም ብቻ መስጠት። (5 ደቂቃ)

2. እያንዳንዱ በቀኙ ያለውን ሁለት ጥያቄ ይጠይቃል፤ «በምን እንተዋወቃለን?» እና «በመካከላችን ያልተቋጨው ምንድን ነው?» ሁለቱ የተስማሙበትን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጽፋሉ። (10 ደቂቃ)

3. መምህሩ እየዞረ ያነባል። ያልተቋጨ ነገር የሌለበትን ያስሞላል፤ የሚያሠጋውን ያስለውጣል። (3 ደቂቃ)

4. ጨዋታው ይካሄዳል። አሥር ቡድን በአንድ ጊዜ ሲጫወት ጫጫታው አያድርስ ነው፤ ስለሆነም በቀን አንድ ወይም ሁለት ቡድን ፊት ወጥቶ ቢጫወት፣ ሌሎቹ እየተከታተሉ ማስታወሻ ቢይዙ ይሻላል። ጨዋታው ቢቆም መምህሩ ዝም ላለው ተጫዋች «አንተስ ከሱ ጋር ምን ነበራችሁ?» ብሎ ክሩን ያስታውሰዋል እንጂ መልሱን አይነግረውም። (15 ደቂቃ)

5. ውይይት፦ የትኛው ማሰሪያ ብዙ አናገረ? የትኛው ሳይነካ ቀረ? (7 ደቂቃ)

ማጠቃለያ

ባለታሪክ ብቻውን የተጻፈ ታሪክ ቢያምርም አብሮት የሚናገር ያጣል። ከሁለት ሰው ጋር፣ ባልተቋጨ ነገር፣ በራሱ ፈቃድ የታሰረ እንደሆነ ግን ሳይገፉት ይናገራል። መምህሩም ክሩን ከማጥበቁ በፊት በሌላው ጫፍ ያለው ማን እንደሆነ ይወቅ። ወደ ልምምድ ስትወጡ ከኛ ጥፋት ተምራችሁ ብትጀምሩ ድካማችን ከንቱ አልቀረም እንላለን።

የመልመጃ ጥያቄዎች

1. «የጠላ ሻጯ ልጅ የዘበኛው ጓደኛ ናት» የሚለው ማሰሪያ ምን ይጎድለዋል? አስተካክላችሁ ጻፉ።

2. ለስምንት ተጫዋቾች የክብ ማሰሪያ ስንት ይሆናል? ሁሉም ከሁሉም ጋር ቢታሰሩስ?

3. በምትወጡበት ቦታ ከጨዋታ መውጣት ያለባቸው ጉዳዮች የትኞቹ ናቸው? ማንን ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ?

መልሳችሁን በወረቀት ጽፋችሁ ከሰሌዳው ሥር ባለው ሣጥን ብትጨምሩልን፣ የተሻሉትን በሚቀጥለው ጊዜ እዚሁ እንለጥፋለን።